የእንዶዱ ሳፋ ለብቻው

ጳጉሜን 2 ቀን ጠዋት፣ ውሃ በፈረቃ የሚመጣበት ተራችን ስለነበር፣ ለእንቁጣጣሽ ቤት ላጸዳ ወገቤን ታጥቄ ተነሳሁ። አራተኛ ፎቅ ላይ ያለው የኮንዶሚኒየም ቤታችን መታጠቢያ ክፍል ስፋቱ የአንድ ሰው ነው፤ መስኮቱ ከመጽሐፍ አይበልጥም። መጸዳጃው ላይ በረኪና ደፋሁ። ግግር ብሎ የያዘው ቢጫ ዝቃጭ አልለቅ ቢለኝ ከሱቅ የገዛሁትን ማጽጃ አሲድ ጨመርኩበት። ለሁለት ሲሆኑ ይበረታሉ ብዬ ነው። ወዲያው ፍጭጭ የሚል ድምፅ ሰማሁ፤ ጉሮሮዬን ሚጥሚጣ የነሰነሱበት ያህል ፈጀኝ፤ ዓይኔ እንባ ሞላ፤ ደረቴ አየር አልቀበልም አለ።

ጎትተው ያወጡኝ እቴቴ ናቸው። ለበዓሉ ከደብረ ማርቆስ ከመጡ ገና ሁለት ቀናቸው ነበር። የመታጠቢያ ቤቱን በር ዘግተው የሳሎኑን መስኮት በረገዱት፤ በረንዳው ላይ በርጩማ ሰጥተው አስቀመጡኝና በነጠላቸው ጫፍ አራገቡልኝ። ትንፋሼ መለስ ሲል የጠየቁኝ አንድ ነገር ብቻ ነው።

"ምንና ምን ደባለቅሽ?"

በኋላ ሳነብ እንደገባኝ፣ በረኪና ማለት በውሃ የሟሟ ሶዲየም ሃይፖክሎራይት ነው፤ አሲድ ሲነካው ክሎሪን ጋዝ ይለቃል። በአንደኛው የዓለም ጦርነት፣ እ.ኤ.አ. በ1915፣ የጀርመን ጦር ኢፕር በተባለች የቤልጂየም ከተማ አጠገብ ወደ ጠላቱ ምሽግ የለቀቀው ይህንኑ ጋዝ ነው። እኔ የጳጉሜን ጽዳት መስሎኝ መታጠቢያ ቤቴን ምሽግ አድርጌዋለሁ። አሲድ ሲባል ደግሞ የራስ ቅል ምልክት ያለበት ጠርሙስ ብቻ አይደለም። አቼቶም አሲድ ነው፤ ሎሚም አሲድ ነው። አሞኒያ ያለባቸው የመስታወት ማጽጃዎች ደግሞ ከበረኪና ጋር ሲገናኙ ክሎራሚን የሚባል፣ ሳንባ የሚያቃጥል ሌላ ጋዝ ይፈጥራሉ።

ነገሩን ለጎረቤቴ ባጫውታት አልገረማትም። ቤይሩት ስድስት ዓመት ሰው ቤት ሠርታ የተመለሰች ናት። መስኮት የሌለው መታጠቢያ ቤት ስትፈትግ፣ በሩን ዘግታ፣ በረኪናና አሲድ ባንድ ባልዲ ቀላቅላ ራሷን ስታ ወድቃ ታውቃለች። "ማን ይነግረናል? ጠርሙሱ ላይ የተጻፈው በማናውቀው ቋንቋ ነው" አለችኝ። እዚህም ቢሆን የጠርሙሱን ጀርባ የሚያነብ ስንት ሰው አለ? እኔ ማንበብ የምችለው እንኳ አላነበብኩም።

እቴቴ ያን ዕለት ከሰዓት ባልዲዎቼን፣ ጠርሙሶቼንና ሁላችን ላርጎ የምንለውን ፈሳሽ ሳሙና በረንዳው ላይ ደረደሯቸው። ዘጠኝ ዓይነት ነበሩ። አንድ በአንድ ክዳናቸውን ፈተው ከሩቅ አሸተቱና ከዘጠኙ ሰባቱን ወደ ጥግ ገፏቸው። "ነገ እኔ አጸዳዋለሁ፤ አንቺ ቁጭ ብለሽ እይ" አሉኝ። ከዚያ ከሻንጣቸው ሥር በጨርቅ የተቋጠረ ነገር አወጡ። ቋጠሮው ሲፈታ የደረቀ፣ የተጨማደደ፣ ቡናማ ፍሬ ነው። እንዶድ።

በደጋና በወይና ደጋ ያደገ ሰው እንዶድን ያውቀዋል። አጥር ላይ የሚንጠላጠል፣ ቅጠሉ ወዝ ያለው ቁጥቋጦ ነው። ትግርኛ ተናጋሪው ሽብቲ፣ ኦሮምኛ ተናጋሪው ሃንዶዴ ይለዋል። ወንዴና ሴቴ አለው፤ ፍሬ የምትሰጠው ሴቴዋ ናት። እቴቴ ፍሬውን የሚለቅሙት ሙሉ ሆኖ ገና አረንጓዴ ሳለ ነው። "ከቀላ በኋላ ጉልበቱ ይደክማል" ይላሉ፤ ተመራማሪዎችም ኃይሉ የሚበረታው ባልቀላው ፍሬ ውስጥ መሆኑን አግኝተዋል። ከዚያ ፀሐይ ላይ ይሰጣል። በደንብ የደረቀ እንዶድ እርጥበት ካልነካው ከዓመት ዓመት ይቀመጣል።

በማግስቱ በረንዳው ላይ የሆነውን ልንገራችሁ። ሁለት እፍኝ እንዶድ ሙቀጫ ውስጥ ገባ። እቴቴ መጀመሪያ ውሃ ረጨት አደረጉበት፤ ለምን እንደሆነ አልጠየቅኩም። ወቀጡት፤ ሳፋ ላይ ገልብጠው ቀዝቃዛ ውሃ አፈሰሱበትና በእጃቸው ያሹት ጀመር። በመጀመሪያ ድፍርስ ውሃ ነበር። አንድ ሁለት ደቂቃ ሳይቆይ ነጭ አረፋ ከሳፋው አፍ ላይ ተነስቶ ወደ ክርናቸው ወጣ። አተላውን በጨርቅ አጠለሉና ጥለት ያለውን ነጠላቸውን ዘፈዘፉበት። ደስ የሚል ሽታ፣ አበባ አበባ የሚል ነገር የለውም። ነጠላው ሦስት ጊዜ ከተለቀለቀ በኋላ አፍንጫዬን አስጠግቼ ባሸተው የጥጥና የውሃ ሽታ ብቻ ነው ያገኘሁት። ጥለቱ ቀለም አልለቀቀም። የዱቄት ሳሙና ነጭ የሀገር ልብስ ላይ የሚተወውን ደረቅነትም አላየሁበትም።

አረፋው የሚነሳው ሳፖኒን ከተባለ ንጥረ ነገር ነው፤ ስሙ ራሱ ሳሙና ከሚለው የላቲን ቃል የመጣ ነው። የሳፖኒን ቅንጣት አንድ ጫፏ ውሃ ይወዳል፤ ሌላኛው ጫፏ ቅባት ይወዳል። በቅባቱ ጫፍ እድፉን ትይዛለች፤ በውሃው ጫፍ ከልብሱ አላቅቃ ትሄዳለች። ፋብሪካ የሚሠራው ሳሙናም ሥራው ይኸው ነው። እንዶድ ላይ ግን አንድ ተጨማሪ ነገር አለ። ፍሬው ተወቅጦ ቀዝቃዛ ውሃ ሲያገኝ በውስጡ ያለ ኢንዛይም ይነቃና ሳፖኒኑን ወደ በረታው ዓይነት ይለውጠዋል። ይህ የበረታው ዓይነት ነው እንዶድን ከልብስ አጠባ አውጥቶ በዓለም መጽሔቶች ላይ ያስነሳው።

እ.ኤ.አ. በ1964 ዶክተር አክሊሉ ለማ ከአሜሪካ ትምህርታቸውን ጨርሰው የተመለሱ ወጣት ተመራማሪ ነበሩ። አድዋ የሄዱት ብልሃርዝያን የምታስተላልፈውን ቀንድ አውጣ ፍለጋ ነው። ብልሃርዝያ ከሰው ወደ ውሃ፣ ከውሃ ወደ ቀንድ አውጣ፣ ከቀንድ አውጣ ተመልሶ ወደ ሰው የሚዞር ትል የሚያመጣው በሽታ ነው፤ ወንዝ ውስጥ የሚታጠብ፣ የሚዋኝ፣ ውሃ የሚቀዳ ሁሉ ይያዛል። አክሊሉ ወንዙን ተከትለው ሲሄዱ፣ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ ዝቅ ብሎ የሞቱ ቀንድ አውጣዎች ተንሳፍፈው አዩ። ሌላ ሰው አይቶ ባለፈው ነበር። እሳቸው ግን ከላይኛው ወንዝ በሕይወት ያሉ ቀንድ አውጣዎች ለቅመው ዕቃ ውስጥ አደረጉና ከአጣቢዎቹ አንዷን የእንዶድ አረፋ እንድትጨምርበት ጠየቁ። ቀንድ አውጣዎቹ ብዙም ሳይቆዩ ሞቱ።

ይህን ታሪክ ባነበብኩ ቁጥር የሚገርመኝ የሴትዮዋ እጅ ነው። የሳይንስ ሙከራው የመጀመሪያው መለኪያ የልብስ አጣቢ እፍኝ ነበር። ስሟን የጻፈው አላጋጠመኝም።

ከዚያ በኋላ ያለው ረጅም ነው፤ እኔ ላሳጥረው። እ.ኤ.አ. ከ1969 እስከ 1974 በአድዋ በተደረገ የመስክ ሙከራ ወንዞቹ በእንዶድ ሲታከሙ፣ በከተማው የብልሃርዝያ ሥርጭት ከ63 በመቶ ወደ 34 በመቶ ወረደ፤ ከአንድ እስከ አምስት ዓመት ባሉ ሕፃናት ደግሞ ከ50 በመቶ ወደ 7 በመቶ። አክሊሉ ያቋቋሙት የፓቶባዮሎጂ ተቋም ዛሬ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በስማቸው ይጠራል። የሥራ ባልደረባቸው ዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ ከተለያየ ቦታ የተሰበሰቡ የእንዶድ ዝርያዎችን አወዳድረው ኃይለኛ የሆነውን መረጡ፤ ሁለቱ እ.ኤ.አ. በ1989 አማራጭ ኖቤል የሚባለውን የራይት ላይቭሊሁድ ሽልማት ተቀበሉ። በማግስቱ ዓመት አሜሪካ፣ ኦሃዮ፣ የቶሌዶ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ እንዶድ የታላላቅ ሐይቆችን የውሃ ቱቦ እየደፈነ ያስቸገረውን ዜብራ መስል የተባለ ዛጎል ለበስ እንስሳ እንደሚገድል ታየ፤ የባለቤትነት መብቱንም ዩኒቨርሲቲው አስመዘገበ። የአድዋ ሴቶች ዕውቀት ኦሃዮ ላይ የንብረት ወረቀት ወጣለት ማለት ነው።

እንግዲህ ቀንድ አውጣ የሚገድል ነገር ዓሣንም ይገድላል። የእንዶድ እጣቢ ጅረት ላይ ሲደፋ ዓሣ እንደሚሞት ገበሬው ያውቃል። ዓይን ውስጥ ከገባ ያቃጥላል። በየገጠሩ ለኮሶ ትል ወይም ለውርጃ ብለው እየጠጡት የታመሙና የሞቱ አሉ። "ከተፈጥሮ የተገኘ" የሚለውን ቃል ጠርሙስ ላይ ባየሁት ቁጥር ይህ ትዝ ይለኛል። እቴቴ ቤታቸው ለእንዶድ የተለየ ሙቀጫ፣ የተለየ ሳፋና የተለየ ማጥለያ ጨርቅ አላቸው። ሳፋው ከግድግዳው ከፍ ብሎ ሚስማር ላይ ይሰቀላል፤ ሊጥ አይቦካበትም፤ ሕፃን አይታጠብበትም። እኔ ቤት ሲመጡም መጀመሪያ ያስገዙኝ ሌላ ሳፋ ነው። ቀይ ነው፤ ሌሎቹ ሰማያዊ ናቸው።

ወደ ወጥ ቤት ስንገባ ነገሩ ይቀላል። የጠቆረው ብረት ድስት ላይ እቴቴ የፈለጉት አመድ ነበር፤ አራተኛ ፎቅ ላይ አመድ ከየት ይመጣል? ከታች፣ በግቢው ጓሮ እንጀራ ከምትጋግር ሴት አንድ ኩባያ ተለመነ። የእንጨት አመድ ውስጥ ፖታሲየም ካርቦኔት አለ፤ ውሃ ሲነካው ከድስቱ ቅባት ጥቂቱን ራሱን ወደ ሳሙና ይለውጠዋል፤ ብናኙ ደግሞ ይፈትጋል። በእርጥብ ቃጫ ጠቀስ እያደረጉ ሲያሹት ድስቱ ከስር ብርማ ሆኖ ወጣ። ሆኖም አልሙኒየም ዕቃዬን ላምጣ ብላቸው ከለከሉኝ። "እሱን ያጠቁረዋል" አሉ። ልክ ናቸው፤ አመድም ሆነ ሶዳ አልሙኒየምን የሚጠብቀውን ስስ ሽፋን ይበላዋል። ለጠቆረ አልሙኒየም የሚሆነው ተቃራኒው ነው፤ ሎሚ ጨምቆበት ወይም አቼቶ ያለበት ውሃ አፍልቶበት ማጠብ።

ሎሚና አቼቶ ያላቸው ጉልበት ኖራን ማሟሟት ነው። ድሬዳዋ የኖረ ሰው የውሃ ማፍያው ውስጥ የሚጋገረውን ነጭ ቅርፊት ያውቀዋል፤ የካልሲየም ካርቦኔት ክምችት ነው። እኩል ውሃና አቼቶ ሞልቶ ማፍላት፣ አንድ ሰዓት ያህል ማቆየት፣ ደጋግሞ ማለቅለቅ ይበቃዋል። የገላ መታጠቢያው ቧንቧ አፍ ሲደፈን በፌስታል አቼቶ አስሮ ማሳደር እንዲሁ። ግን ያው ጉልበት እብነ በረድንና ቴራዞ ወለልንም ይበላል፤ እነሱም ኖራ ናቸውና። አንድ የማውቀው ሰው አዲስ የገባበትን ቤት የእብነ በረድ መስኮት ደፍ በሎሚ ፈትጎ እስከ ዛሬ በጠረጴዛ ልብስ ሸፍኖታል።

ከጁስ ቤት በነፃ የሚገኘውን የብርቱካን ልጣጭ ጠርሙስ ውስጥ አድርጎ አቼቶ ሞልቶ ሁለት ሳምንት ማቆየት፣ ከዚያ አጥልሎ እኩል ውሃ ጨምሮ ለሴራሚክና ለምድጃ ቅባት መርጨት፦ ይህን እኔ ነኝ ለእቴቴ ያስተማርኳቸው። ልጣጩ ውስጥ ያለው ዘይት ቅባት ይፈታል። ወደዱት። ስሙን "የከተማ እንዶድ" አሉት።

ያልወደዱት አንድ አለ። ስልኬ ላይ በየቀኑ የሚመጣልኝ ቪዲዮ ነው፤ አንዲት ሴት ማጠቢያ ቦይ ላይ ቤኪንግ ሶዳ ትነሰንስና አቼቶ ትጨምርበታለች፤ ገንፍሎ ሲፈላ ታጨበጭባለች። አሳየኋቸው። ጥቂት አሰቡና፣ "ኮምጣጣውና ሶዳው ተጋደሉ እንጂ ምን ሠሩ?" አሉ። ከዚህ የተሻለ የኬሚስትሪ መምህር አልገጠመኝም። ሶዳ ቤዝ ነው፤ አቼቶ አሲድ ነው፤ ሲገናኙ አንዱ የሌላውን ጉልበት ያጠፋል፤ የሚቀረው ውሃ፣ የወጣው ካርቦን ዳይኦክሳይድና ሶዲየም አሲቴት የሚባል ጨው ነው። አረፋው ለዓይን ነው። ሶዳውን ለብቻው በጥቂት ውሃ ለውሶ ያረረ ኢናሜል ድስት ላይ መቀባትና ማሳደር፣ አቼቶውንም ለብቻው ለኖራው መጠቀም፣ ሁለቱንም ይሠራል። ጠብ የሚያስነሳው መደባለቁ ነው። የኔ መታጠቢያ ቤት ውስጥ የሆነውም የዚያው ጠብ ታላቅ ወንድም ነበር።

ጀበናና ምጣድ ላይ ብዙ አንቆይ። ጀበና ሸክላ ነው፤ ሳሙና ከጠጣ እስከ ሦስተኛው ስኒ ድረስ ይተፋዋል። በሙቅ ውሃ አንገዋልሎ ደፍቶ ማድረቅ ነው። ምጣዱን በጎመን ዘር የሚያስስ ሰው ውሃ ለምን እንደማያስነካው ማስረዳት አያስፈልገኝም።

ጢስ ላይ ግን ልቆይ። ጳጉሜን 4 ቀን እቴቴ ለእርጎ ያመጡትን ቅል አጥበው፣ አድርቀው፣ የወይራ ፍልጥ ከሰል ላይ አጫሱና ቅሉን አፉን ወደታች ደፉበት። ጢሱ ቅሉ ውስጥ ገብቶ ሲታጠር፣ የወይራው ሽታ በደረጃው ወደላይም ወደታችም ሄደ። በአሥር ደቂቃ ውስጥ ሁለት ጎረቤቶች በራችንን አንኳኩ። አንደኛዋ እሳት መስሏት፣ ሁለተኛው ጠላ መስሎት። ሁለተኛው አልተሳሳተም፤ የጠላ ጋን በግራዋ ቅጠል ተፈትጎ ከታጠበ በኋላ በወይራና በጥንጁት ጢስ የሚታጠነው በዚሁ ሥርዓት ነው። የግራዋ ቅጠል ሻካራ ስለሆነ ይፈትጋል፤ መራራነቱም አለ። ከእንጨቱ ጢስ የሚወጡት ፌኖል የሚባሉ ንጥረ ነገሮች ደግሞ በሸክላውና በቅሉ ቀዳዳ ውስጥ ገብተው ወተት የሚያበላሹ ባክቴሪያዎችን ያዳክማሉ። ስፖንጅ የማይደርስበት ቦታ ጢስ ይደርሳል። ሽታው ጣዕም መሆኑ ምርቃት ነው።

ጢሱ ሳንባን አይመርጥም። እቴቴ በሚያጥኑበት ጊዜ ሁሉ በረንዳው ላይ ነበሩ፤ እኔን ግን "ከትናንት ወዲያ ያየሽው ይበቃሻል" ብለው ወደ ሳሎን መለሱኝ።

በዚህ ሁሉ መሀል ከእሳቸው ጋር አንድ ነገር ላይ አልተስማማንም። ከገፏቸው ሰባት ጠርሙሶች አንዱ በረኪናው ነበር፤ እኔ መልሼ አነሳሁት። ቤት ውስጥ በተቅማጥ የታመመ ሰው ሲኖር፣ ጥሬ ሥጋ የተከተፈበትን ሰሌዳ ስናጥብ፣ ሎሚም አቼቶም እንዶድም የሚታመኑ ጀርም ገዳይ አይደሉም። እድፍ ማስለቀቅ ሌላ፣ ጀርም መግደል ሌላ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ለቤት ዕቃና ለወለል የሚመክረው 0.1 በመቶ ጥንካሬ ያለው የበረኪና ውህድ ነው። ጠርሙሱ ላይ 5 በመቶ የሚል ከተጻፈ አንድ እጅ በረኪና ለ49 እጅ ውሃ ማለት ነው፤ በጣም ቀጭን ነው፤ አብዛኞቻችን የምንደፋው የዚህን ብዙ እጥፍ ነው። መጀመሪያ በሳሙና ይታጠባል፣ ይለቀለቃል፣ ከዚያ ቀጭኑ በረኪና ተቀብቶ ጥቂት ደቂቃ ይቆያል። የተበረዘው ለዕለቱ ብቻ ነው፤ ካደረ ኃይሉ ይቀንሳል። እቴቴ ሰምተው፣ "እንግዲያው የራሱን ባልዲ ስጪው" አሉኝ። ሰጠሁት። አሁን ቤቴ ውስጥ ሦስት ዓይነት ቀለም ያለው ባልዲና ሳፋ አለ። ባለቤቴ እስካሁን ግራ ይገባዋል።

እቴቴ መስከረም 5 ቀን ወደ ደብረ ማርቆስ ሲመለሱ የቀረውን እንዶድ ቋጥረው ትተውልኝ ሄዱ። በማርማላት ጠርሙስ አድርጌ፣ "እንዶድ፤ አይበላም" ብዬ ጽፌ ከልጄ እጅ ርቆ ከቁም ሳጥን በላይ አስቀመጥኩት። በሁለተኛው ቅዳሜ ብቻዬን ሞከርኩ። ሙቀጫው ውስጥ ሁለት እፍኝ ጨምሬ መውቀጥ ጀመርኩ፤ አምስተኛው ምት ላይ ማስነጠስ ያዘኝ፤ ዘጠነኛው ላይ ሙቀጫውን ትቼ ወደ በረንዳ ሮጥኩ። እያስነጠስኩ ደወልኩላቸው።

"እቴቴ፣ እንዶዱ ገደለኝ።"

"ደረቁን ወቀጥሽው?"

"አዎ።"

"ውሃ ረጨት ሳደርግ አላየሽም እንዴ? ብናኙ አፍንጫ ውስጥ ይገባላ! ምን ስታዪ ነበር ታዲያ?"

"አረፋውን።"

ሳቃቸው ስልኩ ውስጥ ረዘም ብሎ ቆየ። ከዚያ፣ "ነጠላው ነጣ?" አሉኝ። ገና አልነካሁትም ነበር፤ ከቀዩ ሳፋ አጠገብ ታጥፎ ተቀምጧል።